«ሞቷል» የተባለ ኮምፒዩተር ሳይመረመር አይቀበር
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)



ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁት ስለ ታላቅ ፍልስፍና ለመናገር አይደለም። የምናገረው ስለ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲሰሙት የጥገና ሠራተኛ ጉዳይ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉዳይ አይመስልም። ይሁን እንጂ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከዚያም ወደ ሽንዲ፣ ወደ ሰከላና ወደ ቋሪት በሚገቡት መንገዶች ያሉትን ትምህርት ቤቶች የሚያውቅ ሰው፣ ጉዳዩ የጥገና ብቻ ሳይሆን የፍትሕም መሆኑን ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኮምፒዩተርም ተሰጥቷል። የከተማው ልጅ ለዚህ ፈተና ሲቀመጥ ጣቱ ቁልፉን ያውቀዋል። የገጠሩ ልጅ ግን ጥያቄውን ከማንበቡ በፊት አይጡን እንዴት እንደሚይዝ ማሰብ አለበት። ይህ ልጅ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ጨርሶ ስለሌለ ነው ችግር ላይ የወደቀው እንዳንል፣ በብዙ ቦታ ኮምፒዩተሩ አለ። ያለው ግን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ ለብሶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ «የማይሠራ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነው።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ ሲጠቃለል ይህ ነው። «ሞቷል» ከተባሉት ኮምፒዩተሮች መካከል ያልሞቱ አሉ፤ የሞቱ ያስመሰላቸው በተራ የሚጠይቃቸው ሰው ማጣታቸው ነው። ደግሞም በሚጠየቁበት ጊዜ ከማሽኑ አስቀድሞ መዳን ያለበት በውስጡ ያለው የሰው ጽሑፍ ነው።

ኮምፒዩተር ሲነሣ መጀመሪያ የሚነቃው ማነው?

ማብሪያውን ስንጫን መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። በማዘርቦርዱ ላይ በአንዲት ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ነው። ይህንን ፈርምዌር ይሉታል። ሥራው በማለዳ ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ እሳት አንድዳ ቤተ ሰቡን እንደምትቀሰቅስ እናት ነው። ራሙን ይፈትሻል፣ የፊደል ሰሌዳውን ይጠይቃል፣ ሀርድ ዲስኩን ይፈልጋል፤ ሁሉም መኖራቸውን ካረጋገጠ በኋላ ቤቱን ለስርዓተ ክወናው፣ ማለትም ለዊንዶውስ ወይም ለሊኑክስ ያስረክባል።

ይህ ቀስቃሽ በሁለት ዘመን ሁለት ዓይነት ሆኗል። የመጀመሪያው ባዮስ የሚባለው ነው፤ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1981 ከወጣው ከአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ጋር የተስፋፋ ነው። ሁለተኛው ዩ ኢ ኤፍ አይ ይባላል፤ በተለይ ዊንዶውስ 8 በ2012 ከወጣ ወዲህ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ የተለመደው እርሱ ሆኗል። ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች በእርዳታ ወይም በዝውውር ከሚደርሱት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ በእነዚህ በሁለቱ ዘመናት መሸጋገሪያ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራሉ። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ደግሞ በየትኛው እንዳናገሩት ካልታወቀ አለመግባባት ይፈጠራል። አሁን የምዘረዝራቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ አለመግባባት የሚወለዱ ናቸው።

አንደኛ፤ ከቀላሉ መጀመር

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሬ በወረድሁ ጊዜ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት የግምጃ ቤት ኃላፊው በሩን ከፍተው ማሽኖቹን አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይኼ እንኳ ከሞተ ሦስት ክረምት አልፎታል፤ አትድከም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሲሞት ምን ብሎ ሞተ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና «እሱስ ጥቁር ስክሪን አሳይቶ ዝም አለ» አሉ።

ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፣ ማሽኑም የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበር ካልታወቀ መድኃኒቱ አይታወቅም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመፍታታችን በፊት አብርተን እንይ፣ እናዳምጥ። ማራገቢያው ይዞራልን? መብራቷ ትበራለችን? ድምፅ ያሰማልን? ድምፅ ካሰማ ስንት ጊዜ እንደጮኸ ቆጥረን እንጻፍ፤ ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ቁጥር ትርጉም ሰጥተዋልና፣ ትርጉሙ ከፋብሪካ ፋብሪካ ቢለያይም ከማሽኑ መመሪያ ላይ ይገኛል።

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ አስቀድሞ የስክሪኑን ገመድ በሌላ መለወጥ ነው። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ ወርቃማውን ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ መጥረግና መልሶ ጠቅ እስኪል ድረስ ማስገባት ነው። አቧራና እርጥበት በሚፈራረቁበት በእኛ አገር ከራሙ ጥርስ ላይ ስስ ዝገት ይጋገራል። ላጲስ ከሱቅ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ ነው፤ አንዳንዴ ግን ሙሉውን ኮምፒዩተር ያስነሣል።

ሁለተኛ፤ የሳንቲም ያህል ያለችው ባትሪ

ከማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች። ሲ አር 2032 ትባላለች፤ ኀይሏ 3 ቮልት ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ ሰዓቱ እንዲቆጥር፣ በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ ደግሞ የባዮሱ ምርጫዎች እንዳይጠፉ የምታደርገው እርሷ ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትደክማለች፤ መብራት በየጊዜው በሚጠፋበትና ማሽኑ ለወራት ተነቅሎ በሚቀመጥበት ቦታማ ቶሎ ታልቃለች።

እርሷ ስታልቅ ምን ይሆናል? ማሽኑ በየጠዋቱ ኤፍ 1 ን ተጫኑ እያለ ይለምናል። ቀኑ ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የባዮሱ ምርጫዎች ወደ ፋብሪካው ልማድ መመለሳቸው ነው። ሀርድ ዲስኩ ኤ ኤች ሲ አይ በሚባለው ስልት ሲሠራ ኖሮ በድንገት ወደ አሮጌው አይ ዲ ኢ ይለወጥና ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይወድቃል። ወይም የመነሻው ተራ ይቀየርና «ስርዓተ ክወና አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው «ዲስኩ ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርዳል። ዲስኩ ግን ደኅና ነው። ያለቀችው ሳንቲም የምታህለው ባትሪ ናት። ከላይ ያነሣሁት፣ ሦስት ክረምት ሞቶ የቆየው ማሽን ታሪኩ ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ የአገራችን ብቻ የሆነ አንድ ነገር አለ። ሰዓቱን የሚያስተካክለው ሰው በቅን ልብ የኢትዮጵያን ዓመት ቢሞላስ? ለምሳሌ 2018 ብሎ ቢያስገባ ማሽኑ የሚረዳው የአውሮጳውያንን 2018 ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። በኢንተርኔት የሚገናኛቸው ገጾች የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው። ማሽኑ ዛሬ የወጣውን የምስክር ወረቀት ሲያይ «ይህ ገና ወደ ፊት የሚጀምር ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሊኑክስም ፕሮግራም ሲያወርድ በዚሁ ምክንያት አልቀበልም ይላል። ተጠቃሚው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ኔትወርኩን ይከሳል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ በባዮሱ ውስጥ የአውሮጳውያኑን ቀንና ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረውን ሰዓት እንሙላ፤ የራሳችንን ዘመን አቆጣጠር ግን በግድግዳችንና በልባችን እንያዝ።

ሦስተኛ፤ ከመጫን በፊት ማዳን

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል። ኮምፒዩተር አልነሣ ሲል በየከተማው የጥገና ሱቅ በቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ፎርማት ማድረግ ቀላል ነው፤ ሃያ ደቂቃም አይፈጅም። ነገር ግን በዚያ ዲስክ ላይ የአሥር ዓመት የተማሪዎች ውጤት፣ የመምህራን የደመወዝ ዝርዝር፣ የጤና ጣቢያ የክትባት መዝገብ ወይም የገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ሊኖር ይችላል። ይህ ሁሉ በወረቀት የተገለበጠ ላይሆን ይችላል። አንድ ገበሬ ልጁ ያለፈበትን ክፍል ማስረጃ ሊወስድ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ «ኮምፒዩተሩ ጠፍቷል» ቢባል፣ የጠፋው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን የልጁ ዓመታት ናቸው።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ይሁን። ሊኑክስ የተጫነበትን ፍላሽ እንሰካና ማሽኑን ከፍላሹ እናስነሣው። ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ በዲስኩ ላይ አንዳች ሳይጽፉ ከፍላሹ ብቻ መሥራት ይችላሉ። ከዚያ ዲስኩን ከፍተን በዴስክቶፕና በዶክመንት ፎልደሮች ያለውን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ እንገልብጥ። በኋላም ሁለትና ሦስት ፋይል ከፍተን በእርግጥ መገልበጡን እናረጋግጥ።

እዚህም የአማርኛ ጉዳይ አለ። በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ ብዙ ጽሑፍ የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግእዝ ባሉ የቀድሞ የፊደል ፕሮግራሞች ነው። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን የኮድ ቁጥር ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ የተሠራባቸው ፕሮግራሞች፣ የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደሎች ቁጥር ላይ አስቀምጠው የሚያሳዩ ነበሩ። ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉ እያለ የማይነበብ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። እንግዲያው ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንት ፎልደርም አብሮ መገልበጥ ግዴታ ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ፋይሉን አድኖ ንባቡን ያጠፋል።

ሌላ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። በአንዳንድ ላፕቶፖች ዲስኩ ቢትሎከር በሚባል ቁልፍ የተዘጋ ነው። የዩ ኢ ኤፍ አዩን ምርጫዎች ስንነካ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ጽሑፉም የለም። ባለቤቱን ሳንጠይቅ ምርጫውን አንንካ።

አራተኛ፤ ፍላሹና ዲስኩ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ

አሁን መጫን ጀመርን እንበል። በጣም የሚያጋጥመው እንቅፋት ፍላሹ አለመታየቱ፣ ወይም ታይቶ «በዚህ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ መጫን አይቻልም» ማለቱ ነው። ሚስጥሩ አጭር ነው። የዲስክ ክፍፍል መዝገብ ሁለት ዓይነት ነው፤ አሮጌው ኤም ቢ አር፣ አዲሱ ጂ ፒ ቲ ይባላል። ዊንዶውስ በባዮስ ስልት ሲነሣ ኤም ቢ አርን ይፈልጋል፤ በዩ ኢ ኤፍ አይ ስልት ሲነሣ ጂ ፒ ቲን ይፈልጋል። ሁለቱ ከተምታቱ አይጫንም። ያላወቀ ሰው ክፍፍሉን ሁሉ ይሰርዛል። ያወቀ ግን ወደ መነሻው ምርጫ ተመልሶ ፍላሹን በትክክለኛው ስልት ያስነሣዋል፤ ምንም ነገር አይጠፋም።

ፍላሹን ስናዘጋጅም ሩፉስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የትኛውን ስልት እንደምንፈልግ ይጠይቀናል። መልሱን ከማሽኑ አይተን እንጂ በግምት አንስጥ። ደግሞም ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይሸከምም፤ የዊንዶውስ መጫኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ፋይል አለበት። በግማሽ የሚቆም ጭነት አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ሌላው ምክንያት ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ የኖረ፣ ምንጩ የማይታወቅ ቅጂ ነው። ቅጂው ከባለቤቱ ገጽ መውረዱንና የማረጋገጫ ቁጥሩ አንድ መሆኑን ሳናይ አንጫን።

ኢንተርኔት ያስፈልጋል ብሎ መጀመርም በእኛ አገር አያዋጣም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ መጫኛውን፣ የኔትወርክና የስክሪን ድራይቨሩን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ሁሉ ከከተማ ሳንወጣ በፍላሽ ይዘን እንሂድ።

አምስተኛ፤ ለአሮጌ ትከሻ አዲስ ሸክም አይጫንም

ዊንዶውስ 10 ለሁሉ ይሰጥ የነበረው ነጻ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ፣ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍልና በዝርዝሩ ውስጥ የተመዘገበ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ይህን አያሟሉም። ታዲያ መጣል አለባቸውን? የለባቸውም። ማሽኑን የማይመጥነው ዊንዶውስ 11 ነው እንጂ ማሽኑ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመሥራትና ለፈተና መለማመጃ ብቁ ነው። 2 ጊጋባይት ራም ላለው እንደ ሉቡንቱ ያለ ቀላል ሊኑክስ ይበቃዋል። ፕሮሰሰሩ 32 ቢት ብቻ ከሆነ ምርጫው ይጠብባል፤ ዴብያን በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው በ13ኛው እትም ለ32 ቢት ማሽን መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል፤ በ12ኛው ግን አለ። አማርኛ መጻፊያም በሊኑክስ ውስጥ ይገኛል።

ስድስተኛ፤ ፈርምዌሩን መንካት የመጨረሻው ነው

አንዳንድ ጓደኛ ችግር ሲያይ ቶሎ ብሎ «ባዮሱን እናድሰው» ይላል። ማደስ የሚገባው ግልጽ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ አዲስ ዲስክ አላውቅም ሲል ወይም ፋብሪካው ያንኑ ችግር ለማረም አዲስ እትም ሲያወጣ። ቺፑ በሚጻፍበት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ መብራት ከጠፋ ቀስቃሿ እናት አትነሣም፤ ቤቱም ሁሉ እንደተኛ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቺፑን በልዩ መሣሪያ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያንን መሣሪያ ደግሞ ከገጠር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የጎጃምን የክረምት መብረቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥራ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ አይጀምረውም። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ተገናኝቶ፤ የማሽኑ ሞዴል ከነቁጥሩ ተመሳክሮ ይሁን።

ለሚነሣው ተቃውሞ መልስ

«እኛ የሌሎች ጥራጊ ማራገፊያ አይደለንም፤ ለገጠሩ ልጅ አዲስ ኮምፒዩተር መጠየቅ ይገባናል እንጂ አሮጌውን መጠጋገን አይገባንም» የሚል አሳብ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አሳቡ ክብር ያለው ነው፤ እኔም አዲሱ ይምጣ እላለሁ። ነገር ግን አዲሱ እስኪመጣ ድረስ የዘንድሮው ልጅ ክፍሉን ጨርሶ ይወጣል። ደግሞም ዛሬ ለአሮጌው የሚጠነቀቅ ሰው ያልሠለጠነበት ትምህርት ቤት፣ አዲሱንም ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ክፍል ቆልፎ ጨርቅ ያለብሰዋል። እርግጥ ነው፣ በእውነት የሞተም አለ። በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች አብጠው ከፈነዱ፣ ዲስኩም እየተንቋቋ ከሆነ፣ ያን ማሽን ለሌላው መለዋወጫ እናድርገው። ይህ ግን ከምርመራ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ነው።

ምን እናድርግ?

በ1964 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያስተምሩ ያደርግ ነበር። ዛሬ ያን ያህል ጊዜ አልጠይቃችሁም። የምጠይቀው ከክረምቱ ዕረፍት አንድ ሳምንት ነው። ከምዕራብ ጎጃም የመጣን ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆንን፣ በየተማርንበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩን አስፈቅደን እንግባ። በከረጢታችን አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ለስላሳ ብሩሽ፣ አንድ ላጲስ፣ ጥቂት ሲ አር 2032 ባትሪዎች፣ ሁለት ፍላሽና አንድ የውጭ ዲስክ ይበቃል።

በእያንዳንዱ ማሽን ላይም እንደ ታካሚ ካርድ አንድ ወረቀት እንለጥፍ። ባትሪው የተለወጠበት ቀን፣ የመነሻው ስልት፣ የዲስኩ ክፍፍል ዓይነት፣ የተጫነው ስርዓተ ክወና፣ ጽሑፉ የተገለበጠበት ቦታ ይጻፍበት። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው እንደገና ከዜሮ አይጀምርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብቻችንን አንሥራ። አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች፣ ከሁለቱም አንዷ ሴት ልጅ፣ ከጎናችን ቆመው በራሳቸው እጅ ይፍቱ፣ በራሳቸው እጅ ይግጠሙ። እኛ አስነሥተነው የሄድነው ኮምፒዩተር በመጀመሪያው የመብራት መቋረጥ ተመልሶ ሊተኛ ይችላል። እነርሱ ያስነሡት ግን ቢተኛም የሚቀሰቅሰው አለው።

መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። በላቦራቶሪያችን ያሉትን ከአገልግሎት የወጡ ማሽኖች ለልምምድ ፍቀዱልን። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው ያሳደጉን እናንተ ናችሁና፣ በገጠሩ ሕዝብ ንብረት ላይ ከመለማመዳችን በፊት በእናንተ ፊት ተፈትነን እንሂድ።

ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። የመጀመሪያው የልምምድ ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል።